ሦስት የናይሎን ማርሾች

ይህን ታሪክ የምንጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ የሚያስመሰግን ነገር የለበትምና። እኛ ሁለት ጓደኛሞች ነን፤ አንደኛችን የመካኒካል፣ ሁለተኛችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች። በደብረ ማርቆስ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን እቴቴ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆችና ለተማሪ ቤቶች ያቀርባሉ፤ እንጀራውን ጎሕ ሳይቀድ የሚያደርሰው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ነው። የሚያደርስበትንም የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ታላቅ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ላከለት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ነገር ሁሉ ብዙ ይወራል፤ በእኛ ሰፈር ግን ወሬውን በሥራ ያዋለው ይህ ልጅ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቢስክሌቱን ተዋስነው። ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ድንች ርካሽ ነው ሲባል ሰምተን ግማሽ ኩንታል ገዛን፤ ጆንያውንም ከኋላ አስረን ሁለታችንም ተፈናጠጥን። ከተማችን ከባሕር ወለል 2400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከወንዙ ወደ እርሷ የሚያወጣውን ዳገት በእግሩ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከኋላው ጎማ ሞዞ ውስጥ ቆሎ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እያፏጨ ይዞራል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። እየገፋን ወደ ቤት አመጣነውና ለልጁ «ዝም ብለን ስንሄድ ድንገት ቆመብን» አልነው። ስለ ድንቹ አላነሣንም፤ ድንቹን አስቀድመን በጓሮ በር አስገብተነው ነበር።

እቴቴ በሰሙ ጊዜ የተቆጡት እኛን አይደለም። «አንተ ነህ! ሌት ተቀን እየጋለብህ የጨረስኸው!» እያሉ በፊታችን ልጁ ላይ ወረዱበት። ልጁ ወደ እኛ ተመለከተ፤ እኛ ወደ መሬት ተመለከትን። ዝምታውን ለመሸፈን ያህል «እኛ እንጠግነዋለን፤ ትምህርታችን ነው» አልን።

ከዚህ በኋላ ሁለት ቀን በክርክር አለፈ። የኤሌክትሪኩ ተማሪ በሽታው ከሽቦው ነው አለ። በመዳቡ ጥቅል መካከል የተሰኩት ሦስት ትናንሽ መለኪያዎች ማግኔቱ የት እንደ ደረሰ ለመቆጣጠሪያው ይናገራሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ሞቷል ብሎ በቴስተር አንድ በአንድ ፈተሻቸው። ሦስቱም ደኅና ነበሩ። የሚዞርን ሞተር አይዞርም ብሎ መመርመር ምን ያህል ሞኝነት እንደ ሆነ አንባቢ አስቀድሞ ሳይገነዘበው አልቀረም። የመካኒካሉ ተማሪ ደግሞ ብዙ ሳቀ፤ ነገር ግን ተራው ደርሶ ክዳኑን ለመክፈት ሲታገል፣ ክረምት ያዛጋቸውን ስድስት ብሎኖች አንዱን እንኳ ሳይፈታ የሁለቱን ራስ ላጣቸው።

ስለዚህ ጎማውን ተሸክመን ገበያው አጠገብ ወዳሉት ቢስክሌት ጠጋኝ ሄድን። ጋሼ ጎማውን ተቀብለው በእጃቸው ወደ ኋላ አዞሩት። ጤነኛ ቢሆን ሞተሩን ይዞ መክበድ ይገባው ነበር፤ በነጻ ዞረ። «ወይ ፍሪሲዮኑ ነው፣ ወይ ማርሹ» አሉ። የእኛን የሁለት ቀን ክርክር በአንድ ዙር ፈጸሙት።

አከፋፈታቸውን መግለጽ ይገባናል። በመጀመሪያ ጠረጴዛውን በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉት፤ ማግኔቱ የብረት ብናኝ ሁሉ እንዳይሰበስብ ነው። በክዳኑና በቀፎው ላይ በምስማር አንድ ጭረት አሰመሩ፤ ሲገጠም በነበረበት እንዲመለስ። በየብሎኑ ራስ ካቻቢቴውን አስገብተው፣ ከማዞራቸው በፊት በመዶሻ አንዳንድ ጊዜ መቱት፤ ዝገቱ ሲለቅ ድምፁ ይሰማ ነበር። እኛ የላጥናቸውን ሁለቱን በጠባብ መሮ አዲስ ስንጥቅ ቀርጸው ፈቷቸው። ክዳኑ በእንጨት ሲመታ ተነሣ፤ ያረጀ ግራሶ ሽታም ወጣ።

በውስጡ ያየነው በመጽሐፍ ያየነው ነበር። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ትንሽ የብረት ማርሽ በመካከል፤ በዙሪያው ሦስት ነጫጭ የናይሎን ማርሾች፤ ከሁሉ ውጭ ጥርሱን ወደ ውስጥ ያዞረ፣ ጎማውን የሚነዳ ቀለበት። በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ የተቋቋመው ኩባንያ ስተርሜይ አርቸር የሚሠራቸው ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞዎችም በዚህ ዓይነት ማርሽ ይሠራሉ። የመካከለኛው ጥርስ 18፣ የቀለበቱ 90፤ ስለዚህ ሞተሩ አምስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በፍጥነት የጠፋው በጉልበት ይመለሳል። ይህ ጥያቄ በፈተና መጥቶልን ሁለታችንም መልሰነዋል።

ጋሼ ፍሪሲዮኑን በጣታቸው ሞከሩት፤ ወደ አንድ ወገን ያዘ፣ ወደ ሌላው ለቀቀ። «ይህ ደኅና ነው» አሉና አንዱን ናይሎን ወደ ብርሃኑ አነሡት። እንደ አገዳ ልጣጭ የሆነ ነጭ ነገር ተንጠልጥሎበታል።

«ይህ በዕድሜ ያለቀ ጥርስ አይደለም። ያለቀ ጥርስ ይሳሳል፣ ጫፉ ይሾላል። ይህ በአንድ ቀን የተላጠ ነው። ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ?»

«ሁለት።»

ዝም ብለው ተመለከቱን።

«ከድንች ጋር» አልን። «ግማሽ ኩንታል።»

«ልጁ ያውቃል?»

አልመለስንም። እርሳቸውም አልደገሙትም፤ ግራሶውን በጨርቅ መጥረግ ቀጠሉ። በዚያች ሰዓት ሁለታችንም በልባችን አንድ ሒሳብ እንሠራ ነበር፤ ማታ በወረቀት አደረግነው። እኛ 120 ኪሎ፣ ድንቹ 50፣ ቢስክሌቱ 30፤ በድምሩ 200። ዳገቱ በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር ቢነሣ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከ430 ዋት በላይ ያስፈልጋል። በሞተሩ ላይ የተጻፈው 350 ነው። ከመፈናጠጣችን በፊት ልንሠራው የምንችለው ሒሳብ ነበር።

ያን ምሽት ለእቴቴ ነገርናቸው። ምጣዱ ላይ ሊጥ እያፈሰሱ ነበር፤ እስኪያዞሩት ድረስ ጠበቅን፤ ሦስት ጊዜ ጀምረን ሦስት ጊዜ አቋረጥን። በመጨረሻ ሰምተውን ሲያበቁ አንዲት ቃል አልተናገሩንም። «ና ወዲህ» ብለው ልጁን ጠሩትና ራሱን ዳሰሱት። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደን።

ማርሹ በደብረ ማርቆስ አልተገኘም። እኛ ጥርሱን 36፣ ስፋቱን 38 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱን 12 ለካን፤ 38ን ለ36 ሲደመር 2 ስናካፍል ሞዱሉ 1 ሆኖ በመገኘቱ እጅግ ደስ አለን። ጋሼ ወረቀታችንን ተቀብለው የተላጠውን ማርሽ ጠቀለሉበትና መርካቶ ለሚያውቁት ነጋዴ በመኪና ላኩት። «ዕቃው ራሱ ይናገራል» አሉ። የአባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ሄዶ እስኪመለስ፣ መንገዱም ክፍት የሚሆንበት ቀን እስኪገኝ፣ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በእነዚያ ቀኖች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እየተነሣን እንጀራውን በመሶብ ተሸክመን ያደረስነው እኛ ነን። ልጁ ከፊት ከፊት እየሄደ በር ያንኳኳል፤ አያናግረንም።

ማርሾቹ ሲደርሱ ጋሼ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና ገጣጥሙ አሉን። ማግኔቱን ወደ ቦታው ስንመልስ አንደኛችንን ጣቱን ነከሰው። ግራሶ አብዝተን ስንቀባ ተቆጡን፤ የተረፈው ወደ መዳቡ ይወርዳልና። ጭረቱን ከጭረት አጋጠምን። የመጨረሻውን ዳዶ ያጠበቀው ልጁ ነው፤ «ባለቤቱ ያጥብቀው» ተብሎ።

ከአንድ ወር በኋላ ቢስክሌቱን ለአንዲት ጉዳይ እንዲያውሰን ደፍረን ጠየቅነው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ያዘና፣

«ድንች አለበት?» አለን።