ዝናቡ እንዴት ነው?



ሰኔ ግም ባለ ቁጥር እኛ ሦስት ጓደኛሞች የምንለዋወጠው ወሬ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ‹‹ዝናቡ እንዴት ነው?›› ‹‹ሙቀቱስ?›› ‹‹ልጆቹ ትምህርት ተዘጋላቸው? ለክረምቱ ምን አሰባችሁ?›› ይኸው ነው። አንዳችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ጅዳ፣ አንዳችን ደግሞ ስቶክሆልም እንኖራለን። ልጆች ሳለን ወሎ ውስጥ በአንድ ሸኽ እግር ሥር ተቀምጠን ቀርተናል፤ በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ሉሕ ይዘን አምሽተናል፤ ከአንድ ገበታ በልተናል። የጅዳው ወንድማችን ቀድሞን ከአገር በወጣ ጊዜ ወሬያችን የሚመላለሰው በካሴት ነበር። ሰው ሲመጣ ካሴት ይልካል፤ እኛም በዚያው ካሴት ላይ ደርበን እንቀዳና ሰው ሲሄድ እንመልስለታለን። ዛሬ ድምፃችንን በስልክ ቀድተን በደቂቃ እናደርሳለን። ወሬው ግን ያው የካሴቱ ወሬ ነው።

ለእኔ ክረምት ዕረፍት ሆኖ አያውቅም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመድረሳው ወንበር ይሞላል። ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይመጣና ‹‹ኡስታዝ፣ መስከረም እስኪጠባ ከዐምመ ጁዝእ እዚህ ያድርሱልኝ›› ይላል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ጃንጥላው በር ላይ ይከመራል። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ከሃምሳ ልጆች የአንዱም ቂርአት አይሰማም። ያኔ ሁሉም ዝም ብሎ ጣራውን ያያል፣ እኔም አያለሁ።

አንድ ጊዜ ሱረቱል ቁረይሽን ሳስቀራ አንድ ልጅ፣ ‹‹ኡስታዝ፣ ሶይፍ የሚባለው ክረምት ነው በጋ?›› ብሎ ጠየቀኝ። ቁረይሾች በብርዱ ወራት ወደ የመን፣ በሙቀቱ ወራት ወደ ሻም ይነግዱ እንደነበር አስረዳሁት። ልጁ ግን አልረካም። እነርሱ ዘንድ ፀሐይ የሚያቃጥልበት ወር እኛ ዘንድ ብርድና ጭቃ ነው። የጅዳው ወንድማችን ‹‹ሶይፍ ገባ፣ ተቃጠልን›› ሲል እኛ ጋቢ ደርበናል፤ የስቶክሆልሙ ‹‹በጋ መጣልን›› ሲል እኛ ክረምት ነን። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የተለያየ ሰማይ ሥር ነን ማለት ነው።

ሰው ስለ አየር ሲያወራ ‹‹ወሬ ጠፍቶበት ነው›› የሚሉ አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ዝናብ ሲያዩ ጠቃሚ እንዲያደርገው አላህን ይለምኑ ነበር። ዝናቡ ሰውነታቸውን እንዲነካ ከልብሳቸው ገለጥ ያደርጉ እንደነበርም አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ሙቀት ሲበረታም ዙሁርን ቀዝቀዝ እስኪል እንድናቆይ አዘውናል። ይህን ሁሉ አስተምራለሁ። ማስተማርና መስማት ግን ለየቅል ሆነውብኝ የማያልፍ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁትም እሱን ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ክረምት ነው። አረፋ በዚያ ዓመት ሰኔ 9 ዋለ። በዚያው ሰሞን በመካ ሐረም ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። የሳዑዲ መንግሥት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች ማረፋቸውን አስታወቀ፤ አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የገቡ፣ መጠለያ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። እኔ ወሬውን ሰምቼ ደንግጬ ለጅዳው ወንድማችን ብደውል፣ ‹‹ሞቅ ብሏል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ዝናቡ እንዴት ነው?›› ብሎ ዘጋው። የእሱ ወሬ ሁልጊዜ አጭር ነው።

ሐምሌ እንደገባ አባቴ ከወሎ ደወሉ። ጉልበት የደረሰውን ማሽላ በረዶ መትቶት ኖሯል። አባቴ ቅሬታ የማይወዱ ሰው ናቸው። ‹‹የሰጠው እሱ፣ የወሰደው እሱ ነው። ገልብጠን ጤፍ እንዘራበታለን፤ ጊዜው ገና አላለፈም። ብቻ ዘር የለኝም ልጄ›› አሉኝ። የመድረሳ አስተማሪ ደመወዝ ምን እንደሚያህል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የመድረሳው ጣራም በዚያው ሳምንት ማፍሰስ ጀምሮ በሦስት ቦታ ባልዲ ደቅነናል።

በዚያ ቀን ማታ፣ ዒሻ ሰግጄ ስገባ፣ ከስቶክሆልም አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ ጠበቀኝ። ከፈትሁት። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ እንደሆነ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ እንደምትወጣ፣ በመካከሉም ሰማዩ በደንብ እንደማይጨልም ያወራል። አንዱ መስጂድ ዒሻን ከመግሪብ ጋር አጣምሮ፣ ሌላው በግምት ሰዓት እንደሚሰግድ፣ መጋረጃውን ደርቦ ሰቅሎም እንቅልፍ እንቢ እንዳለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ዳር ሄዶ ሕንፃው ጭር ማለቱን ቀጠለ። ሦስት ደቂቃ ያህል እንደሰማሁ ዘጋሁትና እንዲህ ብዬ ቀድቼ ላክሁለት፦

‹‹የኛን ማሽላ በረዶ አጨደው። ወንድማችን ጅዳ ላይ ይጠበሳል። አንተ ፀሐይ አልጠልቅ አለች ብለህ ታማርራለህ። ይህ የጥጋብ ወሬ ነው፤ ለእኔ አትላክብኝ።››

ሰላምታ እንኳ አላስቀደምሁም።

ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን የጅዳው ወንድማችን ደውሎ፣ ‹‹ምን አልከው?›› አለኝ። ነገርሁት። ‹‹ደውልለት›› አለ። ‹‹እሱ ይደውል፤ እኔ ምን አጠፋሁ? እውነት ነው የተናገርሁት›› አልሁት። እሱም አሳጠረው፤ ‹‹አቦ ተው›› ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ክረምቱ ቀጠለ። ጤፍ ዘር መግዣ ከዚህም ከዚያም አሰባስቤ ላክሁ። ስልኬን ባየሁ ቁጥር የእሱ ስም ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ በመጨረሻ ከዓይን ጠፋ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አርባ ቀን ሊሞላው ሲል፣ ለትልልቆቹ ልጆች የሐዲስ ትምህርት ነበረኝ። ተራው የደረሰው ሐዲስ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት የሚያስተምረው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይህኛውም ያኛውም ፊቱን ያዞራል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ግን ሰላምታን የሚጀምረው ነው። ኪታቡን ከፍቼ፣ ድምፄን አስተካክዬ፣ እንደ ወትሮዬ አብራራሁ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አነሣች።

‹‹ኡስታዝ፣ ሰውየው ሩቅ አገር ቢሆንስ? አይገናኙም እኮ። በስልክ ቢሆንስ?››

‹‹ስልክም ያው ነው›› አልሁ። ሌላ ነገር ልጨምርላት አስቤ አፌ እንቢ አለኝ። ሰዓቱ ሳይደርስ ልጆቹን አሰናበትኋቸው፤ እነርሱ እንደሆኑ ደስ ነው ያላቸው።

ማታ ለባለቤቴ አጫወትኋት። እሷ ከመጀመሪያው ጉዳዩን ታውቅ ነበር። ‹‹ለመሆኑ እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?›› አለችኝ። አልሰማሁትም ነበር። ወላሂ፣ በአርባ ቀን ውስጥ ትዝ ያለኝ አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ ካቆምሁበት ቀጠልሁ።

ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሐይቁ ተናግሮ ካበቃ በኋላ ዝም ይላል። የወንበር ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ቃሉ ይለወጣል። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት እንደሞላው፣ ፋቲሓን ጀምሮ መጨረስ እንደሚያቅተው፣ አባቱ በአማርኛ ሲጠይቀው በስዊድንኛ እንደሚመልስ ይናገራል። ‹‹ቀኑ ረዥም ነው፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ የት እንደሚውል አላውቅም። እኛ በሱ ዕድሜ የት ነበርን? ለሚመጣው ክረምት ወዳንተ ላምጣውና እንደ ማንኛውም ደረሳ አስቀምጠው። ይከብድሃል ወይ? ከከበደህ ሳታፍር ንገረኝ። ሌላ የማምነው የለኝም።›› እዚህ ላይ ያበቃል።

የእኔ መልስ ለዚህ ነበር የሄደው።

በዚያው ሌሊት ደወልሁ። በሁለተኛው ጥሪ አነሣ። ‹‹አሰላሙ ዐለይኩም›› አልሁ፤ ሰላምታውን መለሰ። አፉ በለኝ ልል ቃል ስፈልግ እሱ ቀደመኝና፣ ‹‹ዝናቡ እንዴት ነው?›› አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋገርን፤ እንባም ነበረበት። አፉ ብሎኛል፤ እኔም የልጁን ነገር እሺ አልሁ። አንድ ነገር ግን ሳይነግረኝ ቀረ። መስከረም ላይ አባቴን ልጠይቅ ወሎ ስሄድ፣ ጤፉ ዳር እስከ ዳር ለምልሞ አየሁት። እኔ የላክሁት ገንዘብ ይህን ሁሉ መሬት የሚያለብስ አልነበረም። አባቴን ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው፣ ‹‹አትንገሩት ተብያለሁ፤ ግን አንተ ደግሞ ጠየቅኸኝ›› አሉ። በበረዶ የተመታውን ማሽላ ከእኔ ስድብ ውስጥ ሰምቶ፣ በጅዳው ወንድማችን በኩል ለዘር የላከው እሱ ነበር።

በ2017 አረፋ ግንቦት 29 ዋለ። አረፋ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደኋላ እየሸሸ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኛ ሦስታችን አብረን ስንቀራ፣ በ1984፣ የዋለውም በሰኔ መጀመሪያ ነበር። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው የጅዳው፣ ‹‹እንግዲህ አንድ ዙር ጨረስን›› አለ። ልጁ ደግሞ አሥራ ሁለት ሆኖት ነበር፤ የእኛ የያኔው ዕድሜ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አባትየው ይዞት መጣ፤ አንድ ሳምንት አብሮን ሰንብቶ ተመለሰ። ልጁ ያማረ የጎማ ቦቲ አድርጎ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ልጆች ተራ በተራ እየተዋሱት በኩሬ ውስጥ ይራመዱበት ጀመር። መጀመሪያ ቀን ‹‹ሐ››ን ሲያወጣ ስለሳቁበት ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ያቺ ጠያቂዋ ልጅ አጠገቡ ሄዳ፣ ‹‹መስታወት ላይ እንደምትተነፍሰው አድርገህ በለው›› ብላ አሳየችው። እኔ በሃያ ዓመት ማስተማር ይህ ዘዴ አልመጣልኝም። ከሁሉ ያስገረመው ግን ማታ ነው። በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል መግሪብ ይገባል፤ ወዲያው ይጨልማል። ‹‹እዚህ ማታ ማታ ነው›› አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ ከፋቲሓ ተነሥቶ ቁረይሽ ድረስ ብቻ ነው የደረሰው፤ ከዚያ በላይ ደርሷል ብዬ ለአባቱ አልዋሸሁም። አማርኛው ግን ተፈታ፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ።

የጅዳው ወንድማችንም በዚያ ክረምት ሊመጣ አስቦ ነበር። አሠሪው ፈቃድ ሳይሰጠው ቀረና፣ ‹‹ኢንሻአላህ ለሚቀጥለው›› አለ። እኔ ግን ከ2016 ወዲህ የእሱን አጭር ድምፅ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የምሰማው። ‹‹እኩለ ቀን ላይ ሥራ ይቆማል አይደል?›› ብዬ አጥብቄ ጠየቅሁት። እዚያ አገር ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል መሆኑን ሰምቼ ነበር። ትንሽ ዝም አለና፣ ‹‹ደንቡ ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ነው። እኔ መጋዘን ውስጥ፣ ጣራ ሥር ነኝ›› አለ። ‹‹ጣራው ምንድን ነው?›› ‹‹ቆርቆሮ›› አለኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። አሁን ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ሦስታችንም ተያይዘነዋል፤ ገና አልተሳካም።

ልጁ ወደ ስቶክሆልም ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከዐስር በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ቂርአቱ ቆመ። ልጁ የአባቱን ቁጥር ከፍቶ፣ ‹‹ባባ፣ ዛሬም ዘነበ፤ ስማ›› አለና ስልኬን ወደ ቆርቆሮው ከፍ አድርጎ ያዘው። ሃምሳ ልጅ ትንፍሽ ሳይል ጠበቀው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሲያበቃ ለጅዳውም እንዲልክለት ነገርሁት። ከመግሪብ በኋላ ስልኬን ስከፍት ከጅዳ የመጣው መልስ አንዲት ቃል ነበረች።

‹‹ድገሙት።››