ዋሱ ማን ነበር?

አባቴ ከወረታ ገበያ በሬ ሲገዛ ገንዘቡን ከኪሱ የሚያወጣው ከሁሉ በኋላ ነበር። በሬውን ይዞረዋል፤ ጥርሱን ያያል፤ ሸኾናውን ይፈትሻል፤ ጥቂት ያስኬደዋል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ እንኳ አንዲት ጥያቄ ትቀረዋለች፤ «ዋስህ ማነው?» ሻጩ ሁለቱም የሚያውቁትን ሰው ካላቀረበ አባቴ በሬውን ትቶ ይሄዳል። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበትና።

ታናሽ ወንድሜ በ2015 ዓ.ም. በጋ ሊገዛ የፈለገው ግን በሬ አልነበረም። በፎገራ ሜዳ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ እየሳቡ ሽንኩርት ማልማት የተለመደ ነውና፣ የውኃ ፓምፕ አስፈለገው። በቴሌግራም «የመንግሥት ንብረት በጨረታ» የሚል ማስታወቂያ አገኘ፤ ፎቶግራፍ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ መነሻ ዋጋው ከገበያው ግማሽ ነው። የሚሰጠውን ዋጋ ጽፎ ላከ። ሰዓት ሳይሞላ «አሸንፈዋል፤ እስከ 11 ሰዓት ካልከፈሉ ለሁለተኛው ተጫራች ይተላለፋል» የሚል መልእክት ደረሰው። 18,000 ብር በስልኩ ላከ። ቀጥሎ «ለማጓጓዣ» ተብሎ 3,000 ተጠየቀ፤ እሱንም ላከ። ከዚያ በኋላ ገጹም ሰውየውም የሉም።

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ከመክፈሉ በፊት ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ምን ትላለህ?» ሲለኝ፣ ፊደል ቆጠርሁ የምለው እኔ፣ ማስታወቂያውን ገርመም አድርጌ «ማኅተም ካለው ምን ችግር አለው?» አልሁት።

ነገሩ ከሆነ በኋላ ያንን ማስታወቂያ በበኩር ጋዜጣ ከሚወጡት የጨረታ ማስታወቂያዎች ጋር አስተያየሁት። እውነተኛው ጨረታ ንብረቱ የት እንዳለና መቼ ቀርቦ ማየት እንደሚቻል ይናገራል፤ ማስከበሪያው በመሥሪያ ቤቱ ስም በተሠራ ሲፒኦ ይያዛል፤ ፖስታው ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል። የእኛው የሚታይ ዕቃ የለው፣ የሚከፈት ፖስታ የለው፤ ገንዘቡም የሄደው በአንድ ግለሰብ ስም ወደተመዘገበ ቁጥር ነው። ስሙ ከመላኩ በፊት በስልኩ ላይ ታይቶት ነበር። ማኅተም እንደሆነ ማንም በኮምፒዩተር ይሥለዋል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ ሰላምታ እንደመላክ ቀሏል። በገዛ ምስጢር ቁጥር የተላከን ገንዘብ ማስመለስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ካወጣው ምን ይያዛል? ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ውድ ነው፤ ወዲያው ለአገልግሎት ሰጪው ደውሎ ማስታወቅ፣ የግብይት ቁጥሩንና መልእክቶቹን ሳይሰርዙ ለፖሊስ ማቅረብ ይገባል። ወንድሜ ግን አፍሮ ሦስት ቀን ዝም አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል ይቀጣል፤ የሚቀጣው ግን የተገኘውን ሰው ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ኢቤይ እንኳ፣ የማይተያዩ ሰዎች የሚጫረቱበት ገበያ በመሆኑ፣ ገዥና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ምስክርነት እንዲጽፍ አደረገ፤ ከገበያው ውጭ ክፍያ አትፈጽሙ እያለም ያስጠነቅቃል። ፈረንጁም በራሱ መንገድ ዋስ ይፈልጋል ማለት ነው።

በዚያ በጋ ወንድሜ ሽንኩርቱን ያጠጣው በጎረቤት ፓምፕ፣ ተራ እየጠበቀ፣ ሌሊት ሌሊት ነበር። አባቴ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም። «ዋሱ ማን ነበር?» ብቻ አለ።

ወንድሜ ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ።