ተረት መዝጊያ ሲያጣ

በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ወጣቶች ለቲክቶክ ሲቀረጹ ቆም ብዬ ተመለከትሁ። ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። አንደኛዋ ገና ከመነሻው «እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብሁ!» ብላ ጀመረች። ወሬውን ከወገቡ ይዞ፣ መጨረሻውን ደብቆ፣ ተመልካቹን «ከዚያስ?» ማሰኘት መሆኑ ነው። ይህንንስ አያቶቻችንም አሳምረው ያውቁበት ነበር።

ይሁን እንጂ አያቶቻችን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ካሉ ተረቱ አበቃ፤ ልጆችም ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ቪዲዮው ይህን መዝጊያ አያውቅም። ጣት ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ሌላ ይተካል፤ የትኛው ላይ እንደቆየን፣ የትኛውን እንደዘለልን እየተመዘገበም ቀጣዩ ይመረጥልናል። አንዱ ያስቃል፣ ሦስቱ ፍሬ ቢስ ናቸው፤ የሚጥመው መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ግን እጅ አያርፍም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስኪነር የእጅ ስልክ ሳይታሰብ ይህንኑ በእርግቦች አሳይቶ ነበር፤ ጥሬው ባልታወቀ ጊዜ ብቅ ሲልላት እርግቧ ማዞሪያውን በመንቁሯ መምታቷን አትተውም።

ስለዚህ «ስልክ ካልተከፈተለት አይጎርስም» የሚባለውን ሕፃን ግትር ማለት አይገባም፤ የተሰጠው አዋቂውንም የሚረታ ነገር ነው። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ18 ዓመት በታች ላሉት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ አበጅቷል፤ ትልልቆቹ በይለፍ ቃል ቢያልፉትም። የሾላና የኮተቤ ሕፃን ግን የሚያየው በእናቱ ስልክ ነው፤ በመዝገቡ ላይ እርሱ የ30 ዓመት ሴት ነው።