ከሮቦቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን እንጂ ቆሽት የት እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከጨጓራ ጀርባ፣ ከትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ የተኛ ለስላሳ አካል ነው። ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽና ኢንሱሊን ያመነጫል። እኔ ይህን ያወቅሁት የአጎቴ ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ምርመራው በቆሽቱ ራስ ላይ ዕጢ ካሳየ በኋላ ነው።

ውጭ አገር ሄዶ ይታከም ተባለ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ያገኘነው የሕክምና ጉዞ አመቻች የሰጠን ወረቀት ላይ፣ የሮቦቱ ፎቶ ከሆስፒታሉ ስም ይበልጥ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ፎቶው ለምን እንደገዘፈ አልጠፋኝም። «ሐኪሙ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ለስንት ሰው ይሠራል?» አልኩት። «እህቴ፣ ማሽኑ እኮ የመጨረሻው ሞዴል ነው» አለኝ።

ሮቦቱ በራሱ አይቀድም። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ የጎላ ምስል እያየ መቆጣጠሪያውን በእጁ ያንቀሳቅሳል። በትንንሽ ቀዳዳዎች የገቡት መሣሪያዎች እንደ እጅ አንጓ ይተጣጠፋሉ፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ያጣራሉ። ቁስሉ ትንሽ፣ የሚፈሰው ደምም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ይህ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፣ እውነት ነው።

ዊፕል የሚባለው የቆሽት ራስ ቀዶ ሕክምና ግን ቆርጦ በማውጣት አያበቃም። የቆሽቱ ራስ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ከሐሞት ከረጢትና ከሐሞት ቱቦው ክፍል ጋር ይወጣል። ከዚያ የቀረው ቆሽት፣ ቱቦውና ጨጓራው ከአንጀት ጋር እንደገና ይሰፋሉ። የቆሽቱ ስፌት ካፈሰሰ ምግብ የሚፈጨው ፈሳሽ የራስን ሥጋ መብላት ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው የሐኪሙ ልምድ የሚለየው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ የቆሽት ቀዶ ሕክምና እጅግ ጥቂት በሚሠሩ ሆስፒታሎች ከ100 ሕመምተኞች 16 ያህሉ ሞተዋል፤ እጅግ ብዙ በሚሠሩት 4 ያህሉ። ሮቦትም ቢሆን ልምምድ ይፈልጋል። የፒትስበርግ ሐኪሞች 200 የሮቦት ቀዶ ሕክምናዎቻቸውን ቆጥረው በ2015 እንደጻፉት፣ የስፌቱ ማፍሰስ የቀነሰው ከ40 በኋላ፣ ሰዓቱ ያጠረው ደግሞ ከ80 በኋላ ነው።

ስለዚህ ቤት ወይም መኪና ከመሸጣችሁ በፊት ሲቲ ስካኑን እዚሁ ላለ የቀዶ ሕክምናና የካንሰር ሐኪም አሳዩ። ዕጢው የደም ሥር ከያዘ መድኃኒት ሊቀድም ይችላል፤ ከተሠራጨ ደግሞ ሮቦትም ሆነ ቢላዋ ብዙ ጊዜ አይመከርም። ከዚያ የሐኪሙን ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስንት ሠራ፣ ስንቱን በሮቦት፣ ስንት ሰው ሞተበት። ስፌቱ ቢያፈስ ለተጨማሪ ሳምንታት የሚከፈለው ማን ላይ እንደሚወድቅም አትርሱ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ ይህን ላይጨምር ይችላል።

እኛ ለሦስት ሆስፒታሎች ጻፍን። እስካሁን ቁጥር የላከልን አንዱ ብቻ ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ ፎቶ የለም። አጎቴ ፓስፖርቱን እያሳደሰ ነው።