በፍሪጁ ላይ ሁለት ካላንደር

ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ፍሪጁ ላይ ሁለት ካላንደር ተለጥፏል። አንደኛው በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን የምናመጣው፣ አጽዋማቱና በዓላቱ በቀይ የተለዩበት ነው። ሁለተኛውን ከጥምቀት ማግስት እኔው በእርሳስ አሰመርኩት። በአፕሪል መጀመሪያ የዋሽንግተኑ የቼሪ አበባ ሩጫ፣ 10 ማይል። በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ የማሪን ኮር ማራቶን። በኖቬምበር ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ ከቡንስቦሮ ተነሥቶ ዊሊያምስፖርት የሚያልቀው ጄኤፍኬ፤ 50 ማይል፣ በኛ 80 ኪሎ ሜትር። ባለቤቴ አየችውና «በእስክሪብቶ ለምን አልጻፍከውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

51 ዓመቴ ነው። ላለፉት 19 ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ፤ በቀን አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ማለት ነው። አባቴን ደም ግፊት የጣለው በ54 ዓመቱ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሜ የደም ውጤቴን አይታ ስኳሩ ደጃፌ ላይ መድረሱን ስትነግረኝ፣ ቤት ገብቼ ለማንም ሳልናገር በነጠላ ጫማ ደረጃ ስወጣና ስወርድ አመሸሁ። በሳምንቱ ስላይጎ ክሪክ ዳር መሮጥ ጀመርኩ፤ ሩጫ ካሉት። ከአንዱ የመብራት እንጨት እስከ ሌላው እሮጥና እስከሚቀጥለው እራመዳለሁ።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቀርፋፋ መሆን የራሱ መከራ አለው። የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር ላይ መነሻው ጋ አጠገቤ የቆመ ፈረንጅ አገሬን ጠይቆኝ ስነግረው በድንጋጤ ቦታ ለቀቀልኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሙዙን በልቶ ጨርሶ፣ ልብሱን ቀይሮ ያጨበጭብልኝ ነበር። የአገርን ስም እንዲህ አስጠራሁ።

በዕድሜ የሚጽናና ሰው ግን ከኛ ታሪክ አያጣም። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ 40 ሞልቶት ነሐስ ጨመረ። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲወስድ ዓለም ዕድሜውን አስልቶ መስማማት አቅቶት ነበር። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። እነዚህን ስሞች ለባለቤቴ ስደረድርላት «እነሱ ታክሲ ነድተው አድረው ነው የሮጡት?» አለች። ነገሩ እውነት ነው፤ ተውኩት።

ዓመትን ማቀድ ርቀት መደርደር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ ግን የሚታቀደው ዕረፍቱ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማት አይለምድም፣ ቂምም ይይዛል። ባለፈው ዓመት በአንድ ወር ውስጥ ርቀቴን እጥፍ አድርጌ የቁርጭምጭሚቴ ጅማት ለስድስት ሳምንት በረዶ አስታቀፈኝ። ስለዚህ ዘንድሮ ሦስት ሳምንት ቀስ እያልኩ እጨምርና አራተኛውን እቀንሳለሁ። ከማራቶኑ በፊት ያሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት መቀነሻ ናቸው፤ ያኔ ሰውየው ስንፍና የያዘው ይመስላል፣ ቤተሰብም ደስ ይለዋል።

ከዚያ ሁለቱ ካላንደሮች ይጋጫሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ በቼሪ አበባው ልምምድ ላይ ይተኛል። ፍልሰታ ደግሞ በኦገስት፣ የዋሽንግተን ወበቅ አየሩን ገንፎ ሲያስመስለው፣ ረጅሙ ሩጫ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆንበት ሰሞን ይገባል። ነጮቹ የሚመጡት ጄል የሚሉትን ሙጫ ይዘው ነው። እኔ እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን በሶ ከጨውና ከስኳር ጋር በውኃ በጥብጬ በጠርሙስ እይዛለሁ። ድሮ መንገደኛና ወታደር ስንቁ ያደረገው በከንቱ አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ክዳኑን ሳይከፍቱ ደህና አድርጎ መናጥ ነው፤ አለዚያ ጓጉሎ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ያውም እየሮጡ።

ትልቁ ግጭት ግን በምግብ አልመጣም። የዓመት ዕረፍት ብዬ ለራሴ የምፈቅደው ሁለት ሳምንት ነው፤ ታክሲ ካልተነዳ ገንዘብ የለም። ጄኤፍኬ ሩጫ ብቻ አይደለም። ከ1963 ጀምሮ የሚሮጥ ነው፤ የአፓላቺያንን ድንጋያማ መንገድ ወጥቶ ወርዶ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር አንድ ሙሉ ማራቶን የሚያህል ሜዳ ያስኬዳል። ለእሱ ከተሰናዳሁ ከማራቶኑ በኋላ እንኳ እግሬን ማረፊያ አልሰጠውም፣ ከጨረስኩም በኋላ ቢያንስ ሳምንት መሪ አልጨብጥም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም በኅዳር ነው፤ ወይ በዚያው ቅዳሜና እሁድ፣ ወይ በሳምንት ልዩነት። ሁለቱን ማድረግ አይቻልም።

እናቴ 83 ዓመቷ ነው። ካየኋት አራት ዓመት አልፏል። በስልክ ስለ 80 ኪሎ ሜትሩ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«አንተ ልጅ፣ ማን አሳደደህ?»

«ማንም እማዬ። ለጤናዬ ነው።»

«እግርህ ይህን ያህል ከቻለ እዚህ ድረስ መምጣት ምን አቃተው?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ሲሞት አልደረስኩም ነበር፤ ወረቀቴ ገና አላለቀም። ይህንን በሯጭ ጓደኞቼ ፊት አንሥቼ አላውቅም፣ እዚህም የማነሣው ስለ ሩጫ እየጻፍኩ ስለማይመስል ነው።

በማግስቱ ጄኤፍኬን በላጲስ አጠፋሁት። አሻራው አሁንም ይታያል። በቦታው «መስቀል አደባባይ፣ 10 ኪሎ ሜትር» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ባለቤቴ አየችው፤ ምንም አላለችም፤ ቡና ግን አፈላች።

ጓደኞቼ 80ን በ10 ለወጥክ ይሉኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እኔ የምኖረው ከባሕር ብዙም በማይርቅ ሜዳ ነው። በቂ አየር የለም፤ ዳገት ግን ሞልቷል። በዚያ ላይ እናቴ ቆማ እንዳታየኝ ብዬ መራመድ የማልችልበት ሩጫ ነው። ትላንት ደወልኩላትና መምጣቴን ነገርኳት። እልል ብላ ስታበቃ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብኝ ጠየቀችኝ።

«አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው።»

«ለአንድ ሰዓት ከሩብ ነው ዓመት ሙሉ የምትለፋው?»