«ይህን ሁሉ ገንዘብ በልቶ እስከ መቼ ይተኛል?»

እግር ኳስ የሚወድ ወንድም ወይም እጮኛ ያላችሁ እህቶች ነገሩን ታውቁታላችሁ፡፡ ቅዳሜና እሁድ ማታ ቤቱ በሰላም ይደር አይደር የሚወሰነው እንግሊዝ አገር ባለ ሜዳ ላይ ነው፡፡ ግን ታዝባችሁ እንደሆነ፣ የቡድን መሸነፍ እንኳ ያን ያህል ጭቅጭቅ አያስነሳም፡፡ ሽንፈት በሁለት ቀን ይረሳል፡፡ ጭቅጭቁ የሚከርመው ውድ ተጫዋች ተጎድቶ የተኛ እንደሆነ ነው፡፡ ያን ጊዜ ሁሉም ሐኪም ይሆናል፣ ሁሉም ሒሳብ ሹም ይሆናል፡፡ «ጅማቱ ነው የተበጠሰው» ይላል አንዱ፡፡ «ስድስት ወር ይበቃዋል» ይላል ሌላው፡፡ ሦስተኛው የተጫዋቹን ደመወዝ በሳምንት፣ በቀን፣ በሰዓት ያካፍላል፡፡ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ አይጠፋም፣ «ይህን ሁሉ ገንዘብ በልቶ እስከ መቼ ይተኛል?» የሚል፡፡

እኔ ይህችን አነጋገር መጀመሪያ የሰማኋት ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በኛው በረንዳ ላይ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ በሰማኋት ቁጥር ጆሮዬን ትበላኛለች፡፡ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፡፡

ዘመኑ 1992 ዓ.ም. ነው፡፡ ታላቅ ወንድሜ በአንድ የፋብሪካ ቡድን ውስጥ አጥቂ ነበር፡፡ የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ለማንም አይጠቅምም፡፡ ደመወዙ በወር 280 ብር ነበረች፡፡ ወረቀቱ ላይ «የመጋዘን ሠራተኛ» ይላል እንጂ መጋዘኑን የሚያውቀው ደመወዝ ሲቀበል ብቻ ነው፡፡ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ስለሚያምር ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ «ሮናልዶ» ነበር የሚለው፡፡ ያኔ ሮናልዶ ከተባለ ብራዚላዊው ነው፤ የፖርቱጋሉ ገና ልጅ ነበር፡፡

ብራዚላዊውን ለማታውቁት ጥቂት ልበል፡፡ በ20 ዓመቱ ለባርሴሎና በአንድ የውድድር ዘመን 49 ጊዜ ተሰልፎ 47 ጎል አገባ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተር ሚላን ወደ 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ ገዛው፡፡ በጊዜው በዓለም ላይ ለአንድ ተጫዋች ከዚያ በላይ ተከፍሎ አያውቅም፡፡ ዛሬ በዚያ ገንዘብ አንድ መካከለኛ ተከላካይ ቢገኝ ነው፡፡ ያኔ ግን የሰፈራችን ልጆች በብር መንዝረውት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሲሆንባቸው ራሳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፡፡

ኅዳር 11 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1999፣ ኢንተር ከሌቼ ጋር ሲጫወት የሮናልዶ ቀኝ ጉልበት ከዳው፡፡ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጩጬ «ሮናልዶ ጉልበቱ ተበጠሰ!» እያለ በበራችን አልፎ ሮጠ፡፡ እናታችን ቡና እየወቀጠች ነበር፡፡ ሙቀጫውን ጥላ፣ ነጠላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ወጣች፡፡ ልጇ ደግሞ ጓዳ ለሽ ብሎ ተኝቷል! ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፡፡ እማዬ ብቻ አልሳቀችም፡፡ «አፋችሁን ያዙት» ብላ ገባች፡፡

ጥር ላይ የእሷው ሮናልዶ ወደቀ፡፡

ማንም አልገፋውም፡፡ ዘሎ ኳሷን በደረቱ አብርዶ ሲወርድ እግሩ መሬት ላይ ቀረ፣ ሰውነቱ ዞረ፡፡ «እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁት» ይላል እስከ ዛሬ፡፡ የቡድኑ ወጌሻ አሸው፡፡ ሌሊቱን ጉልበቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፡፡ በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄደ፣ ጄሶ አደረጉለት፣ ክራንች ከጎረቤት ተዋስንለት፣ አበቃ፡፡ ጅማትን በቀዶ ጥገና ማስተካከል የሚባል ነገር ያኔ ለእሱ ዓይነት ሰው ፓሪስ ያለ ነገር ነበር፡፡ ሮናልዶም የታከመው ፓሪስ ነዋ!

ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ሊጠይቁት እየመጡ በረንዳችን ላይ ይሰበሰባሉ፡፡ ለመጠየቅ ይበሉት እንጂ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ሚላን ይገባል፡፡ አንዱ ወገን «ኢንተር ይጠብቀው፣ እንደሱ ዓይነት ሰው ሁለተኛ አይወለድም» ይላል፡፡ ሌላው «ጉልበቱ አንዴ የተነካ አጥቂ አለቀለት፤ ሳይረክስ ይሽጡት» ይላል፡፡ ሳይረክስ! ወንድሜ ጄሶውን በርጩማ ላይ ዘርግቶ መሐላቸው ተቀምጧል፡፡ ሻይ ይዤ ስወጣ ነው ያቺን የሰማኋት፡፡ ያላት ልጅ ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀድሞ ብርቱካን ይዞ የመጣው እሱ ነው፡፡ ብቻ ከጎኑ ያለው ጉልበት የማን እንደሆነ ረስቶታል፡፡ ወንድሜ መልስ አልሰጠም፡፡ ጄሶው ላይ የጻፉለትን ስም በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር፡፡

መጋቢት ላይ ጄሶው ወጣ፡፡ በዚያው ሳምንት የቡድን መሪው መጣ፡፡ እማዬ ያቀረበችለትን ቡና ፉት እያለ፣ «ከፋሲካ በኋላ ወሳኝ ጨዋታ አለን፡፡ ትደርሳለህ አይደል? አስተዳደሩ እየጠየቀ ነው» አለ፡፡ አስተዳደሩ እየጠየቀ ነው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቃል፡፡ ወንድሜም ሒሳብ ያዘ፡፡ ሮናልዶ በኅዳር ተጎድቶ በሚያዝያ ይመለሳል ተብሏል፤ እሱ አምስት ወር ከበቃው ለእኔስ ሦስት ወር ተኩል ምን አነሰኝ አለ፡፡ ከዚያ በጠዋት እየተነሳ ጃንሜዳ መሮጥ ጀመረ፡፡ ሲመለስ ደረጃውን በአንድ እግሩ ነበር የሚወጣው፡፡

ሚያዝያ 4 ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ ሮም ላይ የጣሊያን ዋንጫ የመጀመሪያ ፍልሚያ ነበር፡፡ ኢንተር ከላዚዮ ጋር፡፡ ሮናልዶ ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ ገባ፡፡ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላውም፡፡ ኳሷን ይዞ ወደ ግቡ አመራ፣ እንደ ልማዱ እግሩን በኳሷ ላይ ሊያሽከረክር ሲል ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ከሥሩ ሄደ፡፡ የጉልበት ሎሚ የምንላትን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያስረው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ፡፡ ጉልበቱን ታቅፎ ሲጮህ የሚያሳየው ፎቶ በስፖርት ጋዜጣ ላይ ወጣ፡፡ ወንድሜ ጋዜጣውን አልጋው ላይ ሆኖ ብዙ አየው፡፡ ቅዳሜ ዕለት ሄዶ «አልጫወትም» አላቸው፡፡ በወሩ መጨረሻ ሁለት መስመር የሆነች ደብዳቤ መጣች፤ ስላበረከተው አገልግሎት ምስጋናም ነበረባት፡፡

አሁን ወደ ሒሳብ ሹሞቹ ልመለስ፡፡ ደጋፊ ሁሌም ሒሳቡን ከተሳሳተው ጫፍ ነው የሚጀምረው፡፡ «ይህን ያህል ተከፍሎበት እንዴት ይተኛል?» ይላል፡፡ እኔ ደግሞ የምለው፣ መተኛት የቻለው ይህን ያህል ስለተከፈለበት ነው! ኢንተር ከዚያ ውድቀት በኋላ ሮናልዶን አላባረረውም፡፡ ሙሉ የ2000/01 የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ ሳይሰለፍ አለፈ፤ ደመወዙ ግን አልቀረም፣ ሐኪሙም ከጎኑ አልጠፋም፡፡ እንዲያ ያለ ንብረት ማን ይጥላል? 280 ብር የሚያወጣው ጉልበት ግን ምትክ አለው፤ በር ላይ ሌላ ልጅ ጫማውን ይዞ ቆሟል፡፡ ውድ ሰው ጊዜ ይገዛለታል፡፡ ርካሹ ቀን ይቆጠርበታል፡፡

ጊዜው ደግሞ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፡፡ ዛሬ የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ሲበጠስ ሐኪሞች ከራሱ ከሕመምተኛው ሌላ ቦታ ጅማት ወስደው በምትኩ ያስገቡለታል፡፡ ያ ጅማት በአዲሱ ቦታው ሥር እስኪሰድ ወራት ይፈጃል፡፡ ሕመሙ ቀድሞ ይጠፋል፣ እብጠቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ልጁ ዳንኩ ብሎ መዝለል ያምረዋል፡፡ አደገኛው ጊዜ እሱ ነው፡፡ ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ወደ ግጥሚያ አይመለስ የሚሉት፤ ሲሞላም የጭኑ ጡንቻ ከደህናው እግር ጋር ካልተመጣጠነ ገና ነው ይላሉ፡፡ እንግዲህ ክራንች የያዘ ጓደኛ ያላችሁ ሁሉ፣ «መቼ ትመለሳለህ?» የምትለዋን ጥያቄ ለሐኪሙ ተዉለትና ካርታ ይዛችሁ ሂዱ፡፡ ካርታ ጥሩ ነው፣ እጅ እንጂ እግር አይፈልግም፡፡

ሮናልዶ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፡፡ በ1994 ዓ.ም. ክረምት፣ በኮሪያና ጃፓን የዓለም ዋንጫ፣ ስምንት ጎል አገባ፡፡ ያቺን ፊቱ ላይ ብቻ ቁና የቀረች ፀጉሩን አስታውሱ! የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ፀጉር ቤት ተሰልፈው ስንቱ እናቱ ኩርኩም ቀመሰ፡፡ በኋላ ሲናገር፣ ጋዜጠኞች ስለ እግሩ ብቻ ሲያወሩ ስለሰለቸው ወሬ ለማስቀየር የተቆረጠው እንደሆነ ተናግሯል፡፡ አይ ብልሃት! ሰኔ 23 ቀን ለፍጻሜው ዮኮሃማ ላይ ጀርመን ላይ ሁለቱንም ጎሎች ያገባው እሱ ነው፡፡ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር የተጀመረው፤ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሏል፡፡ ሁለተኛዋ ጎል ስትገባ ሁሉም ዘለለ፡፡ ወንድሜ አልተነሳም፡፡ በጭብጨባው መሐል «ሁለት ዓመት ሰጡት» ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፡፡ ቅናት አልነበረም፤ ቅናት ቢሆን አውቀው ነበር፡፡

ከዚያ የመጣው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፡፡ ዋንጫውን ባነሳ በጥቂት ወራት ሮናልዶ ኢንተርን ትቶ ሪያል ማድሪድ ገባ፡፡ የኢንተር ደጋፊዎች «ስትታመም አስታመምንህ፣ ስትድን ለሌላ» ብለው ተቃጠሉ፡፡ ይህን ዓይነት ብሶት በዚህ ገጽ ስለ ፍቅር ስንጽፍም ስንት ጊዜ አይተነዋል! እኔ በበኩሌ ንዴታቸው ይገባኛል፡፡ ሰው የጠበቀው እንዲመለስለት ይፈልጋል፤ ተመልሶ ከሌላ ጋር ማየት ያማል፡፡ ግን አስታማሚ የሆነው ክለብ ለትርፍም ነበር የጠበቀው፤ ሲሸጠውም ተከፍሎታል፡፡ ወንድሜን ያስታመመችው እማዬ ግን ደረሰኝ አልቆረጠችም፡፡

ውድ ሰው ጊዜ ይገዛለታል ብያለሁ፤ የተገዛው ጊዜም ቢሆን ያልቃል፡፡ ኔይማርን ተመልከቱት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 በ222 ሚሊዮን ዩሮ ፓሪስ የገባው፣ እስካሁን በዋጋ የሚበልጠው ያልተገኘው ሰው፣ በ2023 ወደ ሳዑዲው አል ሂላል ሄዶ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለብራዚል ሲጫወት የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ፡፡ አንድ ዓመት ጠበቁት፡፡ ተመለሰ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተጎዳ፡፡ ለክለቡ የተጫወተው ሰባት ጨዋታ ብቻ ሆኖ በ2025 መጀመሪያ ተለያዩ፡፡

አሁን የኔ ልጅ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው፡፡ ጥቅምት 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ከኤቨርተን ጋር ሲጫወቱ ቫን ዳይክ፣ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛው ተከላካይ፣ ጉልበቱን ሲመታ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ፡፡ በጋውን ጓደኞቹ እየመጡ ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ተጀመረ፡፡ ቡድኑ በራሱ ሜዳ በሊግ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፍማ «ቶሎ ይመለስ እንጂ!» የማይል ጠፋ፡፡ ሰውየው ግን አልተቻኮለም፡፡ ግንቦት ላይ የአውሮፓ ዋንጫው ይቅርብኝ ብሎ አገሩ ኔዘርላንድስ ያለሱ ሄደች፡፡ «ፈሪ ነው» አለ ከልጆቹ አንዱ፡፡ ወንድሜ፣ ዛሬ የዕቃ መለዋወጫ መደብር ያለው ሰው፣ በዚያን ቀን እኛው ቤት ነበር፡፡ የልጁን ፊት አይቶ፣ «አንተ ጉልበትህ ደህና ነው አይደል?» አለው፡፡ «አዎ ጋሼ» አለ ልጁ፡፡ «ጥሩ» አለው፣ ሌላ አልጨመረም፡፡

ነሐሴ 8 ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኖርዊች ላይ ቫን ዳይክ ከአሥር ወር በኋላ በሊግ ጨዋታ ተሰለፈ፡፡ ሊቨርፑል 3 ለ 0 አሸነፈ፡፡ ልጆቹ ስለ ጎሎቹ እየጮኹ፣ ደግሞ «ፍጥነቱ ቀንሷል፣ እንደ ድሮው አይደለም» እያሉ ሲነታረኩ ወንድሜን «አንተስ ምን ትላለህ ጋሼ?» አልኩት፡፡ ኳሱን ብዙም እንዳላየው ነገረኝ፡፡ ሰውየው በቴስታ ሊመታ ዘሎ ሲወርድ፣ በየትኛው እግሩ እንደሚያርፍ ነበር የሚያየው፡፡

«በሁለቱም ነው» አለኝ፡፡