«የባትሪ ውሃ» ስለሚባለው አሲድ

በከተማችን በጊዳ አያና ባጃጅና አይሱዙ ከበዙ ወዲህ የባትሪ ሥራም አብሮ አድጓል። የአጎቴ ልጅ በነቀምት መንገድ ዳር ካለ አንድ ጋራዥ ባትሪ መሙላት ይማራል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ወንፊት መስሏል፤ እናቱም ብል የበላው መስሏቸው የልብስ ሣጥኑን ፀሐይ ላይ አውጥተውት ነበር። የበላው ግን አሲድ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ አሲድ በኬሚስትሪ ትምህርታችን የምናውቀው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በምሥራቅ ሸዋ፣ በአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ ተተክሎለታል፤ የመጠጥ ውሃ የሚያጠራው አሉሚኒየም ሰልፌትም ከእርሱ ይሠራል። ስለዚህ ጠላት ነው አይባልም። በባትሪ ውስጥ ያለው ከመቶ 35 ያህል አሲድ ሲሆን የቀረው ውሃ ነው፤ ይህ እንኳ ቆዳን ያቆስላል፤ ዐይንንም እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ያልቀጠነውን አሲድ ማቅጠን ያለበት ሰው አሲዱን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ያፈስሳል። ውሃውን በአሲዱ ላይ የጨመረ እንደ ሆነ ግን ከመቅጽበት ፈልቶ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ባትሪ ሲሞላም ሃይድሮጅን ይወጣልና ሲጋራ አጠገቡ መለኮስ ፍንዳታን መጥራት ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ስሙና ዕቃው ነው። በጋራዡ አሲዱም፣ ባትሪ ሲጎድል የሚጨመረው ንጹሕ ውሃም «የባትሪ ውሃ» ይባላሉ፤ ሁለቱም በሃይላንድ ተቀድተው አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ ነበር። በመልክ አይለዩም። በየካቲት ፀሐይ የተጠማ አንድ ሊስትሮ ገብቶ ቢያነሣ ማን ያስጥለዋል? ከአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈን ለጠፍንባቸው። ባለቤቱ ጋሼ «እኛ እኮ እናውቀዋለን» አሉ። የጻፍነው ለሚያውቀው አልነበረም።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዝዛል። በዚያ ጋራዥ ያለው አንድ ጓንት ነው፤ እርሱም የግራ እጅ።

አሲድ የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ይታጠብ፤ ዐይን ከሆነም ቆቡ ተከፍቶ እንዲሁ ይታጠብ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቅባትና የጥርስ ሳሙና አይቀባ። የጠጣውን ሰው ማስመለስ አይገባም፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና።

አሁን በጋራዡ በር ቧንቧ የተገጠመለት ትልቅ በርሜል ቆሟል፤ የአጎቴ ልጅ በየማለዳው ውሃ ይሞላዋል። መነጽሩ ግን እስካሁን አልተገዛም።